ኅዳግና ኅድጋት፤ ስለ ባላገር የፍቺ ጽሕፈት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት በማገለግልበት ደብር ደጀ ሰላም ቆመው፥ «የኔታ፥ እኔና የፊተኛው ባሌ የተፋታንበት ቀን በደብሩ መጽሐፍ ተጽፎ እንደ ሆነ ያንብቡልኝ» ብለው ለመኑኝ። የፊተኛውን ባላቸውን የፈቱት በሽማግሌ ፊት ነበር። ኋላ ያገቡት ባል በሞተ ጊዜ ግን የሟቹ ዘመዶች «የፊተኛው ጋብቻዋ አልፈረሰምና የወንድማችን ሚስት አይደለችም፤ በመሬቱም ድርሻ የላትም» ብለው በወረዳው ፍርድ ቤት ተከራከሯቸው። ዳኛውም የፍቺውን ማስረጃ ያመጡ ዘንድ ቀጠሮ ሰጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የደብሩ ቄስ ስለ ነበሩ፥ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ተጽፎ ይገኛል ብለው ማሰባቸው ነው።

ወንጌሉን አወጣን። በፊተኛውና በኋለኛው ባዶ ቅጠል፥ በየኅዳጉም፥ ርስት የሸጠና የገዛ፥ ላም የሰጠ፥ ደወል ያሠራ ሁሉ ከነምስክሩና ከነግዝቱ ተጽፎ አገኘን። የባልቴቲቱ ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ስለ ምን እንደሌለ መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በግእዝ ኀደገ ማለት ተወ ማለት ነው። ከዚህ ግስ ጸሓፊው ሳይጽፍበት የሚተወው የብራና ጠርዝ ኅዳግ ተባለ፤ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚተዉበትም ነገር ኅድጋት ተባለ። ሙሴ ሚስቱን የሚሰድ ሰው መጽሐፈ ኅድጋት ጽፎ በእጅዋ ይስጣት ብሎ ማዘዙን በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ጌታችን ደግሞ ይህ ስለ ልባቸው ጥንካሬ የተፈቀደ እንጂ ከጥንት እንዲህ እንዳልነበረ ለፈሪሳውያን መለሰላቸው። መተርጕማኑ በዚህ ቦታ የሚያተኵሩት መፋታት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን አንድ ትንሽ ቃል ታልፋለች፤ ጽሕፈቱ የሚሰጠው በሴቲቱ እጅ ነው። የተሰደደችው ሴት ለሚጠይቃት ሁሉ የምታሳየው ማስረጃ ነበራት ማለት ነው። እኛ አገር ትእዛዙ በየዓመቱ ሲነበብ ጽሕፈቱ ግን አልተጻፈም።

ምክንያቱ ከጋብቻችን ሥርዓት የመጣ ይመስለኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል አሳል እጅ በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፥ ከ51ዱ አንቀጾቹ 24ኛውን ለጋብቻ ሰጥቶታል። በዚያም ስለ ዝሙት፥ ወይም ሁለቱ ተስማምተው መንኵሰው ቢገቡ፥ እንደዚህም ባለ ጥቂት ከባድ ምክንያት ካልሆነ በቀር ጋብቻ እንዳይፈርስ ያዝዛል። ሕዝቡ ግን አብዛኛው በቁርባን አይጋባም ነበር፤ በሰማንያ በቃል ኪዳን ይጋባል፥ ቁርባኑንም ለሽምግልናው ያቈየዋል። ይህም የድኻ ባላገር ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተው ነበር። እንግዲህ ሰማንያውን ያሰረችው ቤተ ክርስቲያን አይደለችምና ሲፈታ መዝግቢ የሚላት አልነበረም። አጥብቃ የምትጠብቀው ፍቺ የካህናቷን ነው። ቄስ ሚስቱን ቢፈታ ክህነቱ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በማሕሌት ያገለግል እንደ ሆነ ነው እንጂ ወደ ቅዳሴ አይገባም። ከደብተሮቻችን መካከል ስንቱ በዚህ መንገድ ከቅኔ ማሕሌቱ እንደ ቀረ አንባቢው ያውቃል።

ፍቺውን የሚያስፈጽሙ ሽማግሌዎችና ዋሶች ነበሩ። ሁለቱ ወገን ሽማግሌ ያስቀምጣሉ፥ ያስታርቋቸው ዘንድ ይደክማሉ፤ እንቢ ካሉም በሠርጉ ቀን ማን ምን ይዞ እንደ ገባ የሚያውቁ ዋሶች ይጠራሉ። ከብቱም እህሉም ተቈጥሮ ይዘው የገቡት ለየባለቤቱ ይመለሳል፥ አብረው ያፈሩት እኩል ይካፈላል። ርስት ግን ከአባትና ከእናት የሚወረድ ስለ ሆነ ለየዘሩ ይቀራል እንጂ አይካፈልም። ይህ ሁሉ የሚጻፈው በሰው ልብ ነው። ሽማግሌው እስካለ ድረስ ከብራናም ይልቅ ይታመናል፤ ቢዋሽ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅበታልና። ሲሞት ግን መዝገቡ አብሮት ይቀበራል።

በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፈውን የተመለከተ ሰው ሴቶች ርስት ሲሸጡና ሲገዙ፥ ሲናዘዙና ሲካሰሱ ያገኛል። በእነዚያ ጽሕፈቶች ሴቲቱ ስሟ አለ፥ ምስክሯም አለ። እኔ ከገለጥኋቸው መጻሕፍት ግን መሬት ሳይነካ ብቻውን የተጻፈ ፍቺ አላየሁም። አባቶቻችንን ከሚገባው በላይ መክሰስ አልወድም፤ ብራና ውድ ነው፥ ጸሓፊም ዋጋ ይሻል። ቢሆንም ለአንድ ማሳ ሽያጭ ኅዳግ የተገኘለት ወንጌል ለአንዲት ሴት ኅድጋት እንዳልተገኘለት ሳይ አዝናለሁ።

መንግሥትም ቢሆን ዘግይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ተወው። ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ከደነገገ በኋላ ግን በቍጥር 3361 ይህ ክፍል ወደ ፊት በትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ አይጸናም አለ። ያም ትእዛዝ ሳይወጣ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ፍቺን ከሽማግሌዎች አንሥቶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል፥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፥ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ይሰጥ ጀመር። ዛሬም እንደ ቀድሞው ጽሕፈት መሬትን ተከትሎ መጣ።

ስለዚህ ዛሬ በባላገር መፋታት የሚሻ ሰው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱ ከተስማሙ የስምምነታቸውን ጽሑፍ አብረው ያቀርባሉ፤ ካልተስማሙም አንዱ ብቻውን ይጠይቃል። በ1992ቱ ሕግ ዳኛው ያስቡበት ዘንድ ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ሽማግሌም ያስታርቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ አያፋታም። ፍርዱም በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይመዘገባል። የቈየ ፍቺ የሚፈልግ ሰው ግን በመጀመሪያ ዘመኑን መለየት አለበት፤ ከ2008 ወዲህ ከሆነ ከቀበሌው፥ ከዚያ በፊት በፍርድ ቤት የተፈጸመ ከሆነ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይጠይቃል፤ በሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌውን በሕይወት ይፈልጋል። ቀኑም ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚሁ ሕግ ሴት ከተፋታች በኋላ ሌላ ባል ለማግባት 180 ቀን መቈየት አለባትና።

የባልቴቲቱ ፍቺ የሽማግሌ ነበር። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ዐርፈዋል፤ የቀሩት ዐይናቸው የጠፋ አረጋዊ ቄስ ናቸው። በበቅሎ ተጭነው ፍርድ ቤት ቀረቡና፥ «ዕለቱ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተን ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ነበር። ዘመኑም ዘመነ ሉቃስ ነው» አሉ። ዳኛው «ዓመተ ምሕረቱስ ስንት ነው?» ቢላቸው፥ «እርሱን የኔታን ጠይቁ» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

ባልቴቲቱ የፊተኛውን ባላቸውን ያገቡት በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ከኋለኛው ባል የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱትም በ1982 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ዘመነ ሉቃስ የሆነው በ1971፥ በ1975ና በ1979 ነው። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ስለ ሆነ ማግሥቱ 17 ነው። በባሕረ ሐሳብ ብቈጥረው ነሐሴ 17 በ1971 ሐሙስ፥ በ1975 ማክሰኞ ዋለ፤ በ1979 ግን መስከረም 1 ሐሙስ ውሎ ነበርና ነሐሴ 17 እሑድ ሆነ። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፌ ፈረምሁበት፤ ዳኛውም ከመዝገቡ ጋር አያያዘው።

በሦስተኛው ቀጠሮ ድርሻቸው ተፈረደላቸው። አረጋዊው ቄስ ፍርዱን ሳይሰሙ በጥቅምት ዐርፈው ነበር።