ሲኒው ያበራል፣ ጀበናው ይጠቁራል

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ኤክሴል ፋይል ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እንኳ እጄ ከኪቦርድ ይላቀቅ ብዬ ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ ራኩ የሚባለውን አሠራር በቪዲዮ አየሁና ልቤ ተሰረቀ። ዕቃው ፍም መስሎ ቀልቶ ሳለ በረጅም መቆንጠጫ ከምድጃው ይወጣል፤ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ የተሞላ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ይዘጋል። ጭሱ አልፎ ሲከፈት አንዱ ጎኑ መዳብ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ የሚመጣው ከግሌዝ ነው። ግሌዝ ማለት ሸክላው ላይ ተቀብቶ እሳት ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሚሆን ልባጥ ነው፤ ቡና የምትጠጡበት ሲኒ ላይ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው።

እኔም እንደ ማንኛውም ኢንጂነር «የራሴን እቀምማለሁ» አልኩ። የግሌዝ ሒሳብ ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ ሰው የተጠመደ ወጥመድ ነው። መስታወት የሚሆነው ሲሊካ ነው፤ ብቻውን ግን 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። ራኩ የሚተኮሰው ደግሞ 1000 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሶዳን ወይም ቦሮንን የመሰለ ማቅለጫ ይጨመርበታል። ቀልጦ ወደ ታች እንዳይወርድ አሉሚና ያስፈልገዋል፤ እሱ ከአፈሩ ይገኛል። የቢራ ጠርሙስ ወቀጥኩ፤ ወርቅ አንጥረኞች የሚጠቀሙበትን ቦራክስ ገዛሁ፤ የመዳብ ሽቦ አቃጥዬ ጥቁር ቅርፊቱን ፈጨሁ። ከመቶው 60 እጅ ጠርሙስ፣ 30 ቦራክስ፣ 10 የሸክላ አፈር፤ በላዩ ላይ 3 እጅ መዳብ። የመጀመሪያው አረፋ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጠ። ሦስተኛው፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር፤ ውሃ ስሞላበት ግን አንጠባጠበ።

ለበዓል ወደ ሐይቅ ስሄድ አራተኛውን በአገሬ አፈር ልሞክር ብዬ ናሙናዎቼን በካርቶን ይዤ ወረድኩ። ከዚያ ወደ አምባሰል በኩል ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ሦስተኛዋን ዕቃ ተቀብለው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት፤ ድምፅዋን አዳመጡ፤ ገለበጧት፤ ከዚያ ሳቁ።

«አብሽር ልጄ፣ ታምራለች» አሉኝ። «ግን እሳት ላይ ትጣዳለች?»

«አትጣድም እማማ።»

«ውሃስ ትይዛለች?»

«ትንሽ... ታንጠባጥባለች።»

«እና ምኗ ነው ሸክላ?»

ለዚህ መልስ ሳጣ ነው ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት።

ራኩ የጃፓን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኪዮቶ ውስጥ ቾጂሮ የሚባል ባለሙያ ለሻይ ሥነ ሥርዓቱ ታላቅ መምህር ለሴን ኖ ሪክዩ ሸካራና ጎባጣ ጽዋዎችን በእጁ ሠራ። በዚያን ጊዜ የሀብታም ዕቃ ማለት የቻይና ልሙጥ ሸክላ ነበር፤ ሪክዩ ግን ሆን ብሎ ትሑቱን መረጠ። የጥቁሩ ራኩ ግሌዝ የተገኘው በከተማዋ መካከል ከሚፈሰው የካሞ ወንዝ ነው፤ ብረትና ማንጋኒዝ ያለበትን ድንጋይ ለቅመው ፈጩት። በቃ፣ የወንዝ ድንጋይ! ቤተሰቡ «ራኩ» የሚል ማኅተም ተሰጠው፤ ስሙ የዕቃውም የዘሩም መጠሪያ ሆነ። ዛሬ 16ኛው ትውልድ እዚያው ኪዮቶ እየሠራ ነው። የእያንዳንዱ ትውልድ ባለሙያ ስም ይታወቃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በርሜሉና ጭሱ ግን የጃፓን አይደሉም። እንግሊዛዊው በርናርድ ሊች እ.ኤ.አ. በ1911 ቶኪዮ ውስጥ ራኩን አየ፤ በ1940 ባሳተመው የሸክላ መጽሐፍ ውስጥም ጻፈበት። በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖል ሶልድነር የሚባል አሜሪካዊ ያንን መጽሐፍ ይዞ ሕዝብ ፊት ሊሞክር ተነሣ። ውጤቱ አላስደሰተውም። ስለዚህ የጋለውን ዕቃ አውጥቶ መሬት ላይ በተጠራቀመ ቅጠል ውስጥ አንከባለለው። ዛሬ ዓለም «ራኩ» የሚለው አሠራር በአብዛኛው ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ቅጠሉ የምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የቁንዶ በርበሬ ዛፍ። አዎ፣ እኛ አገር በየትምህርት ቤቱ ግቢና በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፉን አንዘርፍፎ የቆመው ያው ዛፍ።

ይህን ባነበብኩበት ሌሊት የእማማን ጓሮ አስታወስኩ። እርሳቸው የሚያደርጉትን በዓይኔ አይቼ ነበር፤ ግን አላየሁትም።

የሸክላው አፈር ከገደል ሥር ይቆፈራል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል። የተሰበረ ዕቃ ገል ተፈጭቶ ይገባበታል። («ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባላል፤ ለእርሷ ገል ጥሬ ዕቃ መሆኑን ተራቹ አላወቀም።) ማሽከርከሪያ የለም፤ የሚሽከረከረው ሰውየው ነው፤ እማማ ጎንበስ ብለው ዕቃውን ይዞሩታል። ትንሽ ሲጠነክር በለስላሳ ጠጠር ይወለወላል፤ ሲደርቅ በኩበትና በጭራሮ ክምር ውስጥ ይተኮሳል። እንዲህ ያለ ክፍት እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቁር ጀበና ሲፈለግ ገና ግሎ ሳለ በእንጨት ተይዞ ይወጣና ቅጠልና እብቅ ውስጥ ይቀበራል።

ውስጡ የሚሆነውን ኬሚስትሪ ይነግረናል። የወሎ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ብረት የበዛበት ነው። አየር እያገኘ ሲተኮስ ብረቱ ዝጎ ሸክላው ይቀላል። ቅጠል ውስጥ ሲታፈን ግን እሳቱ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ከብረቱ ላይ ይነጥቃል፤ ብረቱ ይጠቁራል፣ የጭሱም ካርቦን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። የሶልድነር በርሜልም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እዚያ የሚጠቁረው ግሌዝ ያልነካው ሸክላ ሲሆን፣ የሚነጠቀው የግሌዙ መዳብ ኦክስጅን ደግሞ ቀለሙን ወደ ቀይ ብረት ይመልሰዋል።

ሶልድነር ከእኛ ሰረቀ እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ክርክር ፌስቡክ ላይ በቂ አለ። በጭስ ማጥቆርን ብዙ ሕዝብ በየራሱ ደርሶበታል። የሚገርመኝ አንዱ አሠራር አንድ ቦታ ኪነ ጥበብ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ መሰደቢያ መሆኑ ነው። ናይሮቢ የተወለደችው ማግደሊን ኦዱንዶን ተመልከቱ። ዕቃዎቿ ግሌዝ የላቸውም። በእጅ ይሠራሉ፣ ይወለወላሉ፣ አንዴ ተተኩሰው ይቀላሉ፣ አየር ባጣ እሳት ድጋሚ ሲተኮሱ ይጠቁራሉ። የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ በ1970ዎቹ ናይጄሪያ፣ አቡጃ ሄዳ ከተማረችባቸው ሴቶች አንዷ ላዲ ክዋሊ ነበረች። ክዋሊ የመንደሯን አሠራር ሳትለቅ በእንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው ማሠልጠኛ ግሌዝ ጨመረችበት፤ ናይጄሪያም ምስሏን 20 ናይራ ብር ላይ አተመች። ገንዘብ ላይ፣ ሸክላ ሠሪ!

እሺ፣ እኛ ግሌዝ ለምን አልሠራንም? መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «አላወቅንም» ነበር፤ ስህተት ነው። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ሐርላ ላይ የተቆፈረው የመካከለኛው ዘመን የንግድ ከተማ ከቻይና ጭምር የመጣ ግሌዝ ያለው ሸክላ አስገኝቷል። ሩቅ ሳንሄድም ረከቦቱን እንይ። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ግሌዝ የሌለው ጥቁር ጀበና ግሌዝ ወዳለው ሲኒ ይቀዳል። ሁለቱ አንድ ረከቦት ላይ ኖረዋል፤ ጀበናውን ሲኒ ላስመስል ያለ ግን የለም።

ምክንያቱን የእማማ ጥያቄ ውስጥ አገኘሁት፤ «እሳት ላይ ትጣዳለች?» መስታወትና ሸክላ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ግሌዝ የተቀባ ተራ ሸክላ ጉልቻ ላይ ቢጣድ ብዙ ዕድሜ የለውም። ገል የገባበት፣ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ግን የእሳቱን ድንጋጤ ይችላል፤ ስንጥቁ የገሉ ቅንጣት ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንስራም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በላቡ ነው፤ በግድግዳው ሾልኮ የሚተን ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ግሌዝ ብትቀቡት ላቡን ዘጋችሁት ማለት ነው። እኔ ጉድለት ያልኩት፣ በሥራዬ ቋንቋ፣ ሆን ተብሎ የተጻፈ ኮድ ነበር።

ልባጥማ አለን። እሳቱ ካለፈ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ይቀባል፤ ስሙም ማሟሸት ነው። አዲስ ምጣድ ይጣዳል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሽበታል፤ ይጨሳል፤ እንደገና ይታሻል፤ ጥቁርና ልሙጥ እስኪሆን። ዘይቱ በሙቀት እርስ በርሱ ተያይዞ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ፈረንጆች የብረት መጥበሻቸውን የሚያሟሹትም በዚሁ መንገድ ነው። እንጀራው የማይጣበቀው ለዚህ ነው። ሽፋኑ ሲያረጅ በማሰሻ ይታደሳል። የእኔ ግሌዝ አንዴ ከተላጠ ተላጠ። ጋኑም በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ይህ ሁሉ ቅመማ የትም አልተጻፈም። ሠሪዋም ገዢዋም በእጃቸው ያውቁታል፤ ምጣዱን ሸክላ ሠሪዋ ትጀምረዋለች፣ እናቶቻችን ይጨርሱታል።

አሁን ወደዚያች ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ያሠሩት ወንጌል እስካሁን አለ፤ ባለቤቱም ዘመኑም ተጽፏል። የዚያን ዘመን መነኩሴ ውሃ የጠጣበትን ማሰሮ ማን እንደሠራው ግን ማንም አልጻፈም። ኪዮቶ ለሸክላ ሠሪ ማኅተም ስትሰጥ፣ እኛ የሰጠነው ስም «ቡዳ» ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን ሐይቅ ላይ ሸክላ በአህያ ጭነው የሚመጡ ሴቶች ሲያልፉ «በዓይናቸው እንዳይበሏችሁ» እየተባልን ፊታችንን እንሸፍን ነበር። ጅብ ሆነው ሌሊት ይወጣሉ ይባላል። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ከኋላቸው ጮህኩ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። አንዷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም። ወዲያው እየሮጥኩ ቤት ገባሁና በእነርሱ እጅ በተሠራ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በላሁ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡም ቀጠለ። ከስድቡ ሥር ደግሞ መሬት ነበረ። በብዙ ቦታ የእጅ ባለሙያ ርስት አልነበረውም፤ ጭቃ የያዘው ማረሻ ስለተከለከለ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። መሬት ለአራሹ ሁሉ ይዳረስ የተባለው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሸክላ ሠሪ ቤት ቡና የማይጠጣ ስንቱ ነው። እንስራው ሳይከበር ቢጫው ጄሪካን ተካው።

ባለፈው ዓመት እማማ ጋ ተመልሼ ስሄድ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከአፈር ቁፋሮው እስከ ማሟሸቱ ሁሉንም በተራ አሳዩኝ፤ ስልኬን ዘርግቼ ቀረጽኩ፤ ሳቁብኝ፤ «እጅህ ይማር እንጂ እሱ ምን ይማራል» አሉ ስልኩን እያዩ። ሲመሽ ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ጽሑፉ አናት ላይ፣ በትልቁ፣ እንደ ራኩ ማኅተም ላደርገው አስቤ ነበር።

«ስሜን አትጻፍ ልጄ» አሉኝ።

«ለምን እማማ? የሚያኮራ እኮ ነው።»

«ለእኔማ ያኮራኛል። ልጄ ግን ኮምቦልቻ ናት፣ ዘንድሮ ልትዳር ነው። የባሏ ቤተሰቦች አያውቁም።»

ዝም አልኩ። ገበያው ላይ ዞራ ያየችኝን ሴት ዕድሜ ላሰላ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ስነሣ አንድ ጥቁር ጀበና ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። በምትኩ ያቺን ሦስተኛዋን፣ የምታንጠባጥበዋን ዕቃዬን ጠየቁኝ። ለጨው ማስቀመጫ ትሆነኛለች አሉ። መዳብ ስላለባት ከሚበላ ነገር ጋር መነካካት እንደሌለባት ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ለመርፌና ለክር» ብለው ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጧት።