ስለ ዛርና ስለ ባለዛሮች ማኅበር

በልጅነቴ በደብረ ታቦር ሳለሁ፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ወይዘሮ በባላቸው ፊት ድምፃቸው የማይሰማ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ዛራቸው በሰፈረባቸው ቀን ግን እያጓሩ እንደ ጦር አለቃ ይፎክሩ ነበር፤ ባላቸውም አጎንብሰው «ጌታዬ፣ ምን ይታዘዛል?» ይሉ ነበር። ዛሩ አዲስ ቀሚስና ሽቱ ያዘዘ እንደ ሆነ፣ ከመስጠት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። የዚህ ነገር ምሥጢር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ባለዛሮች እንደሚተርኩት፣ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ውብ የሆኑትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች፤ እነርሱም እንደ ተሰወሩ ቀርተው ዛር ሆኑ። ስለዚህ ዛር የሰው ወንድም ነው ይላሉ። ሥርዐቱን የሚመራው ሰው «ባለ አውሊያ» ይባላል፤ አውሊያ የሚለውም ቃል በዐረብኛ ቅዱሳንን ያመለክታል። ከዛሮቹም መካከል ክርስቲያን የሚባሉ አሉ፣ እስላም የሚባሉም አሉ። የየጁ መሳፍንት በደብረ ታቦር ተቀምጠው በገዙት፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ በሚውሉበት አገር፣ ይህ መቀላቀል የሚያስደንቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ርኩስ መንፈስ ብላ ታወግዛለች፤ ጎረቤታችን ግን ጾሙንም ቅዳሴውንም አስታጉለው አያውቁም ነበር።

ይህን የመሰለ ነገር በባሕር ማዶም ይገኛል። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ወደ ኩባ የተወሰዱት የዮሩባ ሰዎች፣ የአባቶቻቸውን አማልክት ከካቶሊክ ቅዱሳን ጋራ አዛምደው ሳንቴሪያ የተባለውን ሃይማኖት አቆሙ። ቻንጎ የተባለውን የነጐድጓድ አምላክ በቅድስት ባርባራ ስም ያከብሩታል፤ መንፈስ የሰፈረበትንም ሰው ልክ እንደ እኛ አገር ባለዛሮች «ፈረስ» ይሉታል። በኩባ ባርነት የቀረው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሲታዘዝ የሚውለው ባሪያ በዚያ ጉባኤ ውስጥ የተከበረ ሰው ነበረ።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ከተማ ወራት ተቀምጦ፣ በአንዲት የዛር መሪ ቤት ያየውን ጽፏል። ሲሞን መሲንግ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የዛር ማኅበር ችላ የተባለችውን ሚስትና በኑሮው ዝቅ ያለውን ሰው ሰብስቦ፣ ወገንና ክብር እንደሚሰጥ አስረድቷል። ሕመምተኛው ዛሩን ካወቀ በኋላ ማኅበርተኛ ሆኖ ይቀራል እንጂ ብቻውን አይሆንም።

እኔ ዛርን ለማመስገን አልተነሣሁም። ነገር ግን እኚያን ወይዘሮ ባሰብሁ ቊጥር፣ ዛሩ የጠየቀውን ቀሚስ በገዛ አፋቸው ቢጠይቁ ኖሮ ማን ይሰጣቸው ነበር እላለሁ። እንግዲህ ዛርን ከአገር ለማስቀረት የሚሻ ሁሉ፣ አስቀድሞ በገዛ ቤቱ ዝም ያለው ማን እንደ ሆነ ይመርምር።