በፈረንሳይ አገር በቦቬ ከተማ ስላለው ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ታሪክ

ቤተ ክርስቲያን ማነጽ የጀመረ ሕዝብ ሥራውን በሁለት ነገር ይመዝነዋል፤ ይኸውም በከፍታውና በጽናቱ ነው። ከፍታው ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ ጽናቱ ግን የሚታወቀው ዘመን ሲያልፍበትና ነፋስ ሲነፍስበት ነው። ደብር ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት ጊዜ የሠሩትን አባቶች ድካም ማሰብ የተገባ ስለ ሆነ፥ በሩቅ አገር ለሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ከከፍታና ከጽናት ጋራ ሲታገሉ የኖሩ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። የዓመታቱ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቦቬ ከፓሪስ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጥንት ከተማ ናት። ኤጲስ ቆጶሷ በዚያ ዘመን የመንፈሳዊ ሥልጣን ብቻ ሳይሆን የአገረ ገዥነትም ሥልጣን ነበረው። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የታነጸች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነበረችው፤ ድንጋይዋም ጥቃቅን ነው፥ አብዛኛውም ከፈረሰ የሮማውያን ግንብ የተለቀመ ነው። በ1225 እሳት ተነሥቶ ጕዳት ባደረሰ ጊዜ፥ ኤጲስ ቆጶሱ ሚሎን ደ ናንቴይ ከካህናቱ ጋራ መክሮ፥ ከየገቢያቸውም ለሕንፃው ከፍለው፥ በቅዱስ ጴጥሮስ ስም አዲስ ካቴድራል ለማነጽ ተነሡ። አዲሱ ሕንፃ ከምሥራቅ፥ ከመቅደሱ በኩል ተጀምሮ ወደ ምዕራብ እንዲገፋ፥ አሮጌይቱም ቤተ ክርስቲያን ሥራው በደረሰባት ቍጥር እየፈረሰች ቦታዋን እንድትለቅ ታሰበ።

የዚያ ዘመን የፈረንሳይ አናጺዎች ዛሬ ጎቲክ የሚባለውን የሥራ ዐይነት ያወጡ ነበሩ። የዚህም ጥበብ እንዲህ ነው፤ ጣራው በድንጋይ ቅስት ይደፈናል፥ ቅስቱም ጫፉ ሹል ነው። ከጣራው በታች እንደ አጥንት የሚተላለፉ የድንጋይ ዘንጎች ክብደቱን ሰብስበው ወደ ዐምዶቹ ራስ ያወርዱታል። ነገር ግን የድንጋይ ቅስት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ስለዚህ ግድግዳው ወደ ውጭ እንዳይዘም ከውጭ ወፍራም የግንብ ድጋፍ ይቆማል፤ ከድጋፉም ወደ ግድግዳው በአየር ላይ የሚዘረጋ የድንጋይ ክንድ ይሠራል። ሸክሙ በዐምድና በክንድ ላይ ከዋለ በኋላ ግድግዳው ከሸክም ይድናል፤ በግድግዳውም ፈንታ ኅብረ ቀለም ያለው መስተዋት ይገባበታል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የቆመ ምእመን የሚያየው ብርሃኑን ነው፤ ብርሃኑን የተሸከመለት ድጋፍ ግን በውጭ፥ በፀሐይና በዝናም ቆሞ ይኖራል።

በ1220 የተጀመረው የጎረቤቲቱ ከተማ የአሚየን ካቴድራል ጣራ 42 ሜትር ያህል ነው። የቦቬ ሰዎች ከዚያ አልፈው ወደ 48 ሜትር አደረሱት፤ በጎቲክ ሥራም ከዚህ የሚበልጥ የመቅደስ ጣራ አልተገኘም። ሥራው በ1230ዎቹ በከተማው ሁከትና በኤጲስ ቆጶሱና በንጉሡ በሉዊስ 9ኛ ጠብ ምክንያት ዘግይቶ፥ መቅደሱ በ1272 ተፈጸመ። ነገር ግን ዐምዶቹ ቀጭንና እርስ በርሳቸው የተራራቁ ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በኅዳር ወር 1284 በሌሊት፥ ከጣራው ብዙው ክፍል ከደጋፊ ክንዶቹ ጋራ ወደቀ። አናጺዎቹ ከፍታውን ዝቅ አላደረጉም፤ በየሁለቱ ዐምድ መካከል አንድ አንድ አዲስ ዐምድ ጨምረው ጣራውን እንደገና ደፈኑት። ይህም ጥገና ብዙ ዓሥርት ዓመታትን ወሰደ። ዛሬም ወደ መቅደሱ የገባ ሰው የዐምዶቹን መቀራረብ ሲያይ የውድቀቱንና የጥገናውን ታሪክ ከድንጋዩ ላይ ያነባል።

በ1337 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ተቋረጠ። በ1500 ማርቲን ሻምቢዥ የተባለ የታወቀ አናጺ ተጠርቶ፥ ሕንፃውን በመስቀል አምሳል የሚያደርጉትን የሰሜንና የደቡብ ክንፎች ጀመረ፤ እርሱ በ1532 ቢሞትም ክንፎቹ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተፈጸሙ። ከዚያ በኋላ ካህናቱ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ምእመናን የሚቆሙበትን ረጅሙን የምዕራብ ክፍል መሥራት ነው፤ ሁለተኛው በመስቀለኛው መካከል ላይ ግንብ ማቆም ነው። እነርሱም ግንቡን መረጡ።

ግንቡ በ1569 ተፈጸመ። ታችው ድንጋይ፥ ላዩ እንጨት ሆኖ፥ ከምድር እስከ ጫፉ 153 ሜትር ይደርስ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ እጅግ ከፍ ካሉት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ሸክም በአራት ዐምዶች ላይ ዐረፈ። በምሥራቅ መቅደሱ፥ በሰሜንና በደቡብም ክንፎቹ ይደግፏቸዋል፤ በምዕራብ ግን የምእመናን መቆሚያ ስላልተሠራ ከጥቂት ጅማሬ በቀር ደጋፊ አልነበራቸውም። በ1571 ሕንፃውን የመረመሩ አናጺዎች ዐምዶቹ ደጋፊ ወደሌለበት ወደ ባዶው ወገን ማዘንበላቸውን አይተው፥ በዚያ በኩል ድጋፍ እንዲሠራ መከሩ። ምክሩ ተሰማ፤ ሥራው ግን ዘገየ።

ሚያዝያ 30 ቀን 1573 የዕርገት በዓል ነበረ። ካህናቱና ሕዝቡ ለዑደት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ሳለ ግንቡ ተናደ፤ የወጡትም ከሞት ተረፉ። የጎርጎርዮስ አቈጣጠር የወጣው በ1582 ስለ ሆነ፥ በዚያ ዓመት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ቢቈጥረው፥ ዓመቱ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን 1565 ዓመተ ምሕረት ነው፤ መባጃ ሐመሩ 17 ስለሚሆን ነነዌ ጥር 17፥ ፋሲካ መጋቢት 26፥ ዕርገትም ግንቦት 5 ይውላል። በዓላቱ ከዚህ በታች አይወርዱም። እንግዲህ በኢትዮጵያ አድባራት የዕርገት ማኅሌት በተቆመበት በዚያው ዕለት የቦቬ ግንብ ወደቀ።

የተሰበረው ጣራ ተጠገነ፤ ግንቡ ግን ዳግመኛ አልቆመም። ገንዘቡም ስላለቀ የምዕራቡ ክፍል ሳይሠራ ቀረ፤ ክፍቱም ቦታ በግንብ ተዘጋ። ስለዚህ ካቴድራሉ እስከ ዛሬ መቅደስና ክንፍ ብቻ ሆኖ ይኖራል። ትፈርሳለች የተባለችውም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አዲሱ ሥራ ስላልደረሰባት ከፊሏ ተረፈ፤ የቦቬ ሰዎችም «ባስ ኧቭር» ይሏታል፥ ትርጓሜውም «ዝቅተኛው ሥራ» ማለት ነው። ዛሬ ያች ዝቅተኛ ሥራ በካቴድራሉ እግር ሥር፥ ሊተካት በታሰበው ሕንፃ ስፍራ ላይ ቆማ ትታያለች።

በሰኔ 1940 ከተማው በጦርነት ቦምብ ሲቃጠል በዙሪያው ያለው አብዛኛው ቤት ወደመ፤ ካቴድራሉ ግን አልወደቀም። በ1960ዎቹ ዓመታት ደጋፊዎቹን የሚያያይዙ የብረት ዘንጎች ዐይን ያስጠላሉ፥ አያስፈልጉምም ተብለው ተነቀሉ፤ ነገር ግን ሕንፃው በነፋስ ሲወዛወዝ ስለ ታየ በእነርሱ ፈንታ ሌላ ብረት ቶሎ ገባ። በ1990ዎቹም በሰሜኑ ክንፍ ውስጥ ትልልቅ የእንጨት ድጋፎች ቆሙ።

የቦቬ ሰዎች እምነት አነሳቸው ሊባል አይቻልም፤ ለእግዚአብሔር ቤት ያላቸውን ሰጥተዋልና። ጥበብም አልጎደላቸውም፤ ያ ጣራ ዛሬም ቆሞ ይመሰክራል። የጎደላቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ሕዝቡ የሚቆምበትን ስፍራ ትተው ከሩቅ የሚታየውን ግንብ አስቀደሙ፥ ያም ስፍራ ቢሠራ ኖሮ ለግንቡ ራሱ ድጋፍ በሆነው ነበር። ጕልላት ለመስቀል፥ ጣሪያ ለማደስ፥ ዐጸድ ለማስፋት የሚመክር ደብር ይህን ታሪክ ቢያስበው ይጠቅመዋል። የምእመናን መቆሚያ የሌለው ከፍታ ማን ተሸክሞት ይኖራል?