አባ ሳሙኤል ሐይቅና አጎራባች አስተዳደሮቹ

ከአቃቂ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው አባ ሳሙኤል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአቃቂ ወንዝ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። 6 ነጥብ 6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ለበርካታ ዓመታት ሥራ አቋርጦ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

ሐይቁ የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል ቢሆንም፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ይገቡበታል። በመሆኑም ከብት የሚያጠጡና አትክልት በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ከቀበሌያቸው ውጭ ለሚመነጭ ብክለት ተጋልጠዋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ አካል እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃ ወጪውን እንዲሸፍን ደንግጓል። ስለሆነም የሐይቁ ደኅንነት በዳርቻው ቀበሌ ብቻ ሳይሆን በላይኛው ተፋሰስ በሚገኙ የከተማው ወረዳዎች ቁጥጥር ጭምር የሚወሰን ነው።