ቋጠሮና ዶቃ፤ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ስለሚታሰረው የአንገት ክር

ስለ ጌጣጌጥ ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ዘወትር ነገራቸውን የሚጀምሩት ከዶቃው ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዶቃ ጠጣር ነገር ስለ ሆነ በመቃብር ውስጥ ሺሕ ዓመት ቢቀመጥም አይጠፋም፤ መልኩና አሠራሩም ከየት አገር እንደ መጣ ይናገራል። ክሩ ግን ይበሰብሳል፤ ክሩ ሲበሰብስም ቋጠሮው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከዶቃው ብቻ የተጻፈ የጌጥ ታሪክ ከግማሽ የማይበልጥ ታሪክ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በደቡብ ወሎ፣ ይልቁንም በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በሰው አንገት ላይ የሚታሰረውን ክር መነሻ በማድረግ፣ ዶቃው የነጋዴውን መንገድ፣ ቋጠሮው ግን የባለቤቱን ሐሳብ የሚያሳይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ዶቃው ጥቂት እንበል። የብርጭቆ ዶቃ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የብርጭቆ ሥራን ይጠቅሳል፤ በአክሱም በተደረጉት ቁፋሮዎችም የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቶአል። ከህንድ አገር ከካምባይ ቀዩ የድንጋይ ዶቃ፣ ከባሕር ዳርቻ ዛጎልና መርጃን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከቬኒስና ከቦሄሚያ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ የተሠራው ባለብዙ ቀለም ዶቃ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ገብቶአል። ለወሎ የዚህ ንግድ አንዱ በር ባቲ ነበረች። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ከተማ የአፋር ቆላና የወሎ ደጋ ይገናኛሉ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሰኞ ገበያ ይገበያያሉ። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም በዚሁ መንገድ ገብቶ፣ ከፊሉ እየቀለጠ ጌጥ ሆኖአል፤ ከፊሉም ማንጠልጠያ እየተበጀለት ከዶቃው ጋራ በአንገት ላይ ተሰክቶአል።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድ ተሠራ። የግመሉ ጭነት በመኪና ሲተካ ዶቃውም በብዛት መጣ፤ በብርጭቆው ፈንታም ፕላስቲክ እየበረከተ ሄደ። በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ ሸቀጡ በጅቡቲ በኩል ዞረ። እንግዲህ ዶቃው መንገዱ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ሲለወጥ ኖሮአል። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ውስጥ ግን የእጁ ሥራ፣ ማለት ማክረሩ፣ መጎንጎኑና መቋጠሩ፣ በአገሬው ዘንድ ቀረ።

የዚህን የእጅ ሥራ ጠባይ ለመረዳት አሠራሩን መግለጽ ያስፈልጋል። ጥጡ ተባዝቶ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ ፈትሉ ተደርቦ ይከርራል፤ ከዚያም በሰም ይታሻል። ሰሙ ክሩን ከውኃና ከላብ ይጠብቀዋል፤ ጫፉንም ስለሚያጠነክረው ያለ መርፌ በዶቃው ቀዳዳ ማሳለፍ ይቻላል። ዋናዎቹ ቋጠሮዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ነጠላው ቋጠሮ ሲሆን የክሩ ጫፍ በራሱ ቀለበት ውስጥ አልፎ ይጠብቃል። ይህ በዶቃና በዶቃ መካከል የሚገባው ነው። ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት ወስፌ በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ እስከ ዶቃው ሥር መግፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በዶቃውና በቋጠሮው መካከል ክፍተት ይቀራል። ሁለተኛው ሁለቱን ጫፎች የሚያጋጥመው ድርብ ቋጠሮ ነው፤ መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ይዞራል፤ ሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ግን ቋጠሮው ይሾልካል። ሦስተኛው መስቀል ወይም ጠገራ ብር የሚንጠለጠልበት ነው፤ የታጠፈው ክር በማንጠልጠያው ቀለበት ውስጥ ያልፍና ጫፎቹ በእጥፋቱ ውስጥ ተመልሰው ይሳባሉ። አራተኛው ተንሸራታቹ ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍ በሌላው ክር ላይ ስለሚቋጠር ሁለቱ ቋጠሮዎች ሲቀራረቡ ማሰሪያው ይሰፋል፣ ሲራራቁም ይጠብባል።

ነጠላው ቋጠሮ በየዶቃው መካከል መግባቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዶቃ ከዶቃ ሲፋተግ ክሩን ይበላዋል፤ ክሩ ቢበጠስም ቋጠሮ ካለ አንድ ዶቃ ብቻ ይወድቃል እንጂ ሁሉም አይበተንም። ከዚህም በላይ ቋጠሮ የቁጥር ምልክት ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የኢስጥሮስን ወንዝ ሲሻገር 60 ቋጠሮ ያለበት ጠፍር ለዮናውያን ሰጥቶ በየቀኑ አንዱን እንዲፈቱ እንዳዘዛቸው ሄሮዶቱስ ጽፎአል። በእኛም አገር ክርስቲያኑ ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ ይቆጥራል፤ ሙስሊሙም በ99 ወይም በ33 ፍሬ ሙስበሃ አላህን ያወሳል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚኖረው መነኵሴና በጀማ ንጉሥ ወይም በገታ የሚቀመጠው ሼኽ በጸሎታቸው ቢለያዩም፣ ጣታቸው የሚያልፍበት ክር የሚጠይቀው ብልሃት አንድ ነው።

ቋጠሮው ከሁሉ ይልቅ ትርጕም የሚያገኘው ግን ዶቃ በሌለበት ክር፣ በማተብ ላይ ነው። ማተብ፣ በግዕዝ ማዕተብ፣ «ዐተበ» ካለው ግስ የወጣ ሲሆን ምልክት ማለት ነው፤ «ማማተብ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ይወለዳል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ክር በአንድነት ገምዶ የምእመናን ምልክት ያደረገው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ያዕቆብ ዘእልበረዲ እንደ ሆነ ይነገራል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ክሩ በአንገታቸው ይታሰራል። ከዚህም የተነሣ «ማተብ ያለው» ማለት የታመነ ሰው፣ «ማተቡን የበጠሰ» ማለት ሃይማኖቱን የካደ ሰው ሆነ። በሰው ፊት ውል የሚገባ ሰውም በማተቡ ይምላል።

ይህ ክር በወሎ ታሪክ ከባድ ጥያቄ ያስነሣው በ1870 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፣ ከሃይማኖት ክርክሩ ቀጥሎ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህም በኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ሌሎች ግን፣ እንደ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉት፣ አዋጁን ተቃውመው ተነሡ። ጥምቀት የውስጥ ነገር ነው፤ ማተብ ግን በአንገት ላይ ይታያል። ስለዚህ አዋጁ የሚፈልገውን ለውጥ በሰው ሁሉ ፊት የሚመሰክረው ይህ ቀጭን ክር ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ከተጠመቁት ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ሃይማኖታቸው ተመለሱ። ከዚህ የምንረዳው፣ ክሩ የሚጸናው በእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን በታሳሪው ፈቃድም መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብተው፣ በደስታና በሐዘን ተጠራርተው መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ይህን ኑሮ ያስተሳሰረው በአዋጅ የተቋጠረ ክር አልነበረም።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። «ውል» ስንል የክርን ጫፍና በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገውን ስምምነት በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ነገሩ የተወሳሰበበት ሰው ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ገጠመኝ ይላል። ቂም ይቋጠራል፤ ነገርም በመጨረሻው ይቋጠራል። ስለ ዶቃ እንዲህ ያለ ብዙ ዘይቤ የለንም።

ዛሬ ይህ ዕውቀት በሁለት በኩል እየሳሳ ነው። በአንድ በኩል ናይለን ክር የተፈተለውን ጥጥ ተክቶአል፤ ናይለን የሚያዳልጥ ስለ ሆነ ጫፉ በእሳት ይቀልጣል እንጂ በቋጠሮ ብቻ አይታመንም። በሌላ በኩል ለጎብኚ የሚሸጠው አሮጌ ጌጥ ክሩ ተቆርጦ፣ ዶቃው በገዢው ምርጫ እንደገና ይሰካል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው በነበረ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉ ደግሞ ነገሩን አክብዶታል። የተዘረፈ ዕቃ ፎቶግራፍና መዝገብ ካለው ሊፈለግ ይችላል፤ «የዶቃ ሐብል» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ጌጥ ግን ዶቃው ቢመለስ እንኳ አስተሳሰሩ አይመለስም።

ስለዚህ ጌጥን የሚመዘግብ ተማሪ ከዶቃው ዐይነትና ብዛት በተጨማሪ አምስት ነገሮችን እንዲጽፍ እናሳስባለን፤ ክሩ ከምን እንደ ተሠራ፣ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደ ከረረ፣ በየዶቃው መካከል ቋጠሮ መኖር አለመኖሩን፣ ሁለቱ ጫፎች በምን ዐይነት ቋጠሮ እንደ ተጋጠሙ፣ እንዲሁም ማን ለማን በምን ምክንያት እንዳሰረው። ክሩን ለመመርመርም መቁረጥ አይገባም። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱ እናቶችና አባቶች በደሴና በኮምቦልቻ ዛሬም አሉና ሥራው ሳይውል ሳያድር ሊጀመር ይገባል።