ሰፈሩ ቀረ፣ ውኃው ይወርዳል

በሰኔ 1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ቆራጣ ላይ በሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ጦር መካከል ኮሌራ ገባ። ንጉሡ ሰፈሩን አስነቅለው ወደ በጌምድር ደጋ ወጡ። በእጃቸው የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክም አብረው ተጓዙ፤ ደጋውም ላይ ሲደርሱ ጋፋት፣ የሚስዮናውያኑ የነዋልድማየር የብረት ሥራ መንደር፣ አረፉ።

በዚያው ክረምት ያው ወረርሽኝ ለንደን ነበር። በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ከ5,000 በላይ ሰው ፈጀ። ምሥራቁን የለየው የቆሻሻ ውኃ ማስወገጃው ግንባታ እዚያ ገና አለማለቁ፣ የመጠጥ ውኃውም በፍሳሽ መበከሉ ነው። ሐኪሙ ጆን ስኖው ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ከ12 ዓመት በፊት ሲያስረዳ ብዙ ሰሚ አላገኘም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በዚያው በ1858 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ለጋፋት ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ነው። የተፈለገው መድፍ ነበር፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖልም እዚያው ጋፋት ተሠራ። የዚያን ዘመን እንግሊዝ ትልቁ ጥበብ ግን ከመሬት በታች የሚቀበረው የፍሳሽ ቦይ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሰፈር መንቀል የአገራችን ጥንታዊ መድኃኒት ነው። ነገሥታቱ በድንኳን ሲዘዋወሩ ማገዶ ሲያልቅ፣ ቆሻሻ ሲከማች፣ በሽታ ሲገባ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። የተተወውን መሬት ዝናብና ፀሐይ ያጸዱታል። ይህን ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ አይገባቸውም፤ ጥቂት ሰው በሰፊ አገር ላይ ሲኖር የሚሠራ ብልሃት ነበር።

ዛሬ ግን ጋፋት አጠገብ ያለችው ደብረ ታቦር የምትነቀል ሰፈር አይደለችም። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋራዥና ገበያ አላት። ዝናቡን ይመጠው የነበረው መሬት በድንጋይና በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ ውኃው ቶሎ ይሰበሰብና ከመንገድ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ዲች ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ዲች የሚያጣራ ነገር የለውም። የጎርፍ ውኃን ከመንገድ አንሥቶ ወንዝ የሚያደርስ ቦይ ብቻ ነው። ጋራዥ ደጃፍ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆ አረፋ፣ ፌስታል፣ የሥጋ ቤት እጣቢ፣ በከባድ ዝናብ ሌሊት ተከፍቶ የሚለቀቅ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ እንዳለ ይወርዳል።

ወዴት? ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው ፎገራ ሜዳን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ፎገራ ሩዝ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹ ሲሞሉ የሚጥለቀለቅ አገር ነው። አንዳንድ የጣና ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል ወደነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ሐይቁ ላይ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የእምቦጭ አረም አለ። እምቦጭን የሚያሰባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ይህም ከማዳበሪያ፣ ከታጠበ አፈር፣ ከፍሳሽና ከሳሙና ይመጣል። ትልቁ ድርሻ የእርሻው መሬት ነው፤ የከተሞቹ ግን በየክረምቱ እያደገ ነው። ሕዝቡ በጀልባና በእጁ እምቦጭ ሲነቅል ዓመታት ቆጥሯል፤ ከላይ እየመገብነው ግን ነቅለን አንጨርሰውም።

ሕግ አልጎደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። የጎደለው ሰኔ ሳይገባ የሚሠራ ሥራ ነው። ዲች የሚጠረገው ብዙ ጊዜ ጎርፉ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ተዝቆ የወጣው ደለልም እዚያው ዳር ይከመርና በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ይህ የድሃ ከተማ ችግር ሳይሆን የቸልታ ነው፤ ደለሉን ለማንሣት አካፋና አንድ መኪና ይበቃል።

የደብረ ታቦር ማዘጋጃ ቤት ደለሉን በተዘቀበት ቀን ያንሣ፤ ጋራዦች የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል ያጠራቅሙ፤ ባለ ሽንት ቤቶችም የዝናብ ሌሊት አይጠብቁ። በዲቹ መጨረሻ ያለው ፎገሬ ያንን ውኃ ለከብቱም ለልጁም ይቀዳል።