የሻይን ሰዓት ማን ቀጠረው?

እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1660 ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም፣ ቀድሞ ቀምሶት የማያውቀውን የቻይና መጠጥ አንድ ስኒ አስመጥቶ ጠጣ። ይህንኑ በዕለት ማስታወሻው አሰፈረ፤ ይጣመው አይጣመው ግን አንድም ቃል አልጻፈም። በስንት ሰዓት እንደጠጣውም አልነገረንም። ሻይ በለንደን ገና እንግዳ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ በመጣበት ሰዓት ይስተናገዳል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያው አገር ቀኑን በሻይ የሚከፋፍል ሆነ። ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ በሥራ መሐል፣ ከቀትር በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ፣ ማምሻውን ደግሞ ከሥራ መልስ በገበታ ላይ። ለየሰዓቱ የሚመረጠው ቅጠልም ተለያየ። ይህን ቀጠሮ የሰጠው ምላስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር በሆነ ነበር። ግብር፣ ረሃብ፣ የፋብሪካ ደወልና የቅኝ ግዛት መሬት ሁሉም እጃቸውን አስገብተውበታል። (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን እንደኛው።)

አንድ ተክል፣ ብዙ ሻይ

ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም ሻይ የሚገኘው ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባል ከአንድ ተክል ነው። ልዩነቱ ከተቀጠፈ በኋላ በሚደርስበት ነገር ላይ ነው። ቅጠሉ ወዲያው በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ከተለበለበ አረንጓዴነቱን ይዞ ይደርቃል። እስኪጠወልግ ቆይቶ፣ ታሽቶ፣ አየር እንዲመታው ከተተወ ይጠቁራል። ሥራው መሐል ላይ ከተገታ ደግሞ ቻይናውያን ኡሎንግ የሚሉት ይሆናል።

አውሮፓውያን ግን ለረጅም ጊዜ አረንጓዴና ጥቁር ሻይ የሁለት ተክሎች ቅጠል ይመስሏቸው ነበር። ይህን ያጠራው በ1840ዎቹ ቻይናን የዞረው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ሮበርት ፎርቹን ነው። ፎርቹን ሌላም ነገር አይቶ ተመለሰ። ለውጭ ገበያ የሚሄደው አረንጓዴ ሻይ ይበልጥ እንዲያምር ሠራተኞቹ ፕሩሺያን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለምና ጂፕሰም ይቀቡት ነበር፤ ጣቶቻቸውም ሰማያዊ ሆነው ነበር። በእርሱ ስሌት 100 ፓውንድ የተቀባ ሻይ የጠጣ አውሮፓዊ ከግማሽ ፓውንድ በላይ ቀለምና ጂፕሰም አብሮ ይውጣል። እንግዲህ ይህን የሰማ ጠጪ ዓይኑ ወደ ጥቁሩ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ጠዋት፦ ግብሩ ሲወርድ

ከሻይ በፊት የእንግሊዝ ተራ ሰው ቁርስ ላይ የሚያገኘው ደካማ ቢራ ነበር። ሻይ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው በ1662 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛን ካገባችው ከፖርቱጋላዊቷ ልዕልት ከካተሪን ጋር ነው። ፖርቱጋሎች በእስያ ንግዳቸው ሻይን ቀድመው ለምደውት ስለነበር ልዕልቲቱ ልማዷን ይዛ መጣች፤ መኳንንቱም ተከተሏት። ድሃው ግን ሊደርስበት አልቻለም፤ ምክንያቱም ግብር ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሻይ ላይ የተጫነው ቀረጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ በ1784 ወደ 119 በመቶ ደርሶ ነበር። ይህ ኮንትሮባንዲስቱን ባለጸጋ አደረገው። ከሆላንድ የሚገባ ሻይ በሌሊት በባሕር ዳርቻዎች ይራገፋል፤ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ አልነበረም። የሻይ ነጋዴው ሪቻርድ ትዋይኒንግ በ1785 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዛፍ ቅጠል ደርቆና ተረግጦ ከበግ ፋንድያ ጋር እየተዘፈዘፈ ሻይ ተብሎ እንደሚሸጥ አጋልጧል። የሻይ ግብር ጣጣ ባሕር ማዶም ዘልቋል፤ ታኅሣሥ 16 ቀን 1773 የቦስተን ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ወደብ ውስጥ የጣሉት በዚሁ ሰበብ ነው።

በ1784 ገና 25 ዓመቱ የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ፒት ግብሩን በአንድ ጊዜ ወደ 12.5 በመቶ አወረደው። የጎደለውን የመንግሥት ገቢ የሚሞላው በቤት መስኮት ላይ የተጣለው ግብር እንዲሆን ወሰነ፤ ብዙ መስኮት ያለው ብዙ ይክፈል ማለት ነው። ኮንትሮባንዱ ትርፍ አጣና ከሰመ፤ ሻይም ከሀብታም ጓዳ ወጥቶ በሠራተኛው ቁርስ ላይ ተቀመጠ።

ዛሬ ለጠዋት የሚመከረው ከወተት ጋር የሚስማማ ጠንካራ ጥቁር ሻይ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው የሰሜን ምሥራቅ ሕንዱ አሳም ነው። በ1823 ሮበርት ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ የሲንግፎ ሕዝብ ከጥንት የሚጠቀምበትን የሻይ ተክል እዚያ አየ። ቅጠሉ ከቻይናው ሰፋ ያለ፣ ቀለሙም የደመቀ ነው። ስምንት ሣጥን የአሳም ሻይ በጥር 1839 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ሆነ፤ ከማዕከላዊና ከምሥራቅ ሕንድ በውል ታስረው የመጡ ሠራተኞችም በመንገድና በሰፈር በሽታ በሺዎች ረገፉ።

ረፋድ፦ የደወሉ ስኒ

የፋብሪካ ዘመን ሲመጣ ሰው በፀሐይ መሥራቱን ትቶ በደወል መሥራት ጀመረ። ማሽን የሚጠብቅ ሠራተኛ በቢራ ሊደነዝዝ አይገባም፤ ሻይ ያነቃዋል፣ ውሃው የፈላ ስለሆነም ሆዱን አያውከውም። ስኳሩ ደግሞ እስከ ምሳ ያቆየዋል። ያ ስኳር የሚመጣው እነ ጃማይካና ባርቤዶስ ላይ በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነበር። በ1791 ብዙ የእንግሊዝ ቤተሰቦች የባርነት ስኳር አንነካም ብለው አድመዋል፤ በየሻይ ገበታው ላይ ክርክሩ ጦፎ ነበር።

የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበራትም ሻይን አነገሡት። በ1830ዎቹ አልኮልን እርግፍ አድርገው ለተዉ ሠራተኞች ትልልቅ የሻይ ግብዣ ይደግሱ ነበር። በ1864 ደግሞ አንድ የለንደን ዳቦ ኩባንያ ሻይ ቤት ከፈተ፤ መጠጥ ቤት ለመግባት የምታፍር ሴት ያለ አጃቢ ገብታ አረፍ የምትልበት ቦታ አገኘች።

የረፋዱ ስኒ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው በ2ኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሐምሌ 1940 መንግሥት ሻይን በራሽን አደረገ፤ ለአንድ ሰው በሳምንት 2 አውንስ፣ ማለትም 57 ግራም ገደማ። ራሽኑ የተነሣው ጦርነቱ ካበቃ ከሰባት ዓመት በኋላ በጥቅምት 1952 ነው። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በዚሁ በእጦቱ ዘመን፣ በጥር 1946፣ ስለ ጥሩ ሻይ አሠራር 11 ደንቦችን በጋዜጣ አወጣ። ቅጠሉ የሕንድ ወይም የሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ይሁን፣ ይጠንክር፣ ስኳር አይግባበት ይላል። ራሽኑን ቆጥሮ ለሚያፈላ አንባቢ ቀላል ምክር አልነበረም።

ከቀትር በኋላ፦ ረሃብ ወግ ሲሆን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመኳንንቱ ራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ወዲያ እየገፋ ሄደ። ምሳ ደግሞ ቀላል ነበር። በ1840 ገደማ አና ማሪያ የተባለችው የቤድፎርድ ዱቼስ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅ፣ ከቀትር በኋላ የሚይዛትን ልብ መዛል ለማስታገስ ሻይና ቀለል ያለ ምግብ ወደ ክፍሏ ታስመጣ ጀመር፤ በኋላም ጓደኞቿን ትጠራ ነበር ይባላል። አንዲት ሴት ተራበች፤ ረሃቡ ግብዣ፣ ግብዣውም ወግ ሆነ።

የዚህ ሰዓት ሻይ ቀለል ያለ፣ መዓዛው የሚቀድም ነው። ለዚህ ከሂማላያ ግርጌ ከሚበቅለው ከዳርጂሊንግ የተሻለ የለም። ሐኪሙ አርቺባልድ ካምቤል በ1841 ከቻይና ዘር የበቀለውን ሻይ እዚያ ተከለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚለቀመው የመጀመሪያው ለጋ ቅጠል አበባ አበባ የሚል ሲሆን፣ የግንቦትና የሰኔው ግን ወይን ወይን ይላል። ወተት ቢገባበት መዓዛው ይጠፋል። በቤርጋሞት ሎሚ ዘይት መዓዛ የሚሰጠው ኧርል ግሬይም የዚሁ ሰዓት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከ1830 እስከ 1834 ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበረው ከቻርልስ ግሬይ ነው።

ዱቼስዋ ስኒዋን ባነሣችበት ወራት ግን እንግሊዝ በሻይ ሒሳብ ጦርነት ላይ ነበረች። ቻይና ለሻይዋ የምትፈልገው ብር ነው። ብሩ እንዳያልቅ እንግሊዞች ቤንጋል ላይ ኦፒየም አስመርተው በነጋዴ በኩል ወደ ቻይና ያስገቡ ነበር። በ1839 ባለሥልጣኑ ሊን ዘሹ ከ20,000 ሣጥን የሚበልጥ ኦፒየም ወርሶ አስወገደ፤ እንግሊዝም የጦር መርከብ ላከች። በ1842 የናንኪንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን አስረክባ አምስት ወደቦችን ከፈተች። ከዚያም አልፎ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1848 ያንኑ ፎርቹንን ቻይናዊ አስመስሎ አልብሶ ላከው፤ እርሱም ችግኝ፣ ዘርና ባለሙያ ይዞ ወደ ሕንድ ተሻገረ።

ማምሻ፦ ቡና ያጣው መሬት

በሰሜን እንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪውና ሸማኔው ከሥራ ሲገባ በ12 ሰዓት ገደማ የሚጠብቀው ሻይ ከሥጋ፣ ከዳቦና ከአይብ ጋር የሚቀርብ እውነተኛ ራት ነበር። ሻዩ ጠንካራና ርካሽ መሆን ነበረበት፤ ርካሹን ያመጣችው ሲሎን ናት።

ይህ የታሪኩ ክፍል ለእኛ ቅርብ ነው። ሲሎን አስቀድሞ የምትታወቀው በቡና ነበር። ከኢትዮጵያ ደን ተነሥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው አረቢካ ቡና የደሴቲቱን ኮረብቶች ሸፍኖ ነበር። በ1869 የስንዴ ዋግ ዘመድ የሆነ ፈንገስ፣ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው፣ ታየ፤ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥም እርሻውን አራቆተው። ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1867 ካንዲ አካባቢ ሉልኮንዴራ ላይ 19 ኤከር ሻይ ተክሎ ስለነበር የከሰሩት ገበሬዎች የሚከተሉት አላጡም። በ1890 የግላስጎው ባለሱቅ ቶማስ ሊፕተን የሲሎን እርሻዎችን ገዝቶ በደላላ ፋንታ በቀጥታ መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋውም ወረደ።

የእኛ ስኒ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሻይ ከቡና ጋር አልተጋፋም። ቡና የራሱ ጀበና፣ ረከቦትና ዕጣን አለው፤ ሻይ ቡና ያላዳረሰውን ጊዜ ያዘ። ዛሬ ቡና በደን ውስጥ በሚበቅልበት በከፋ፣ ቦንጋ አጠገብ፣ የውሽውሽ የሻይ እርሻ ይገኛል፤ በኢሉባቦርም ጉማሮ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የማንኛውም ስብሰባ መርሐ ግብር ቢታይ ሁለት የሻይ ዕረፍት አለው፤ አንዱ ረፋድ፣ አንዱ ከቀትር በኋላ። የመጀመሪያው የፋብሪካው፣ ሁለተኛው የዱቼስዋ ነው።

አፈላሉ ግን የራሳችን ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እንግሊዞች ለጥቁር ሻይ የሚሹት 100 ዲግሪ እዚህ አይገኝም። ስለዚህ ቅጠሉን ስኒ ውስጥ ዘፍዝፎ ደቂቃ ከመቁጠር፣ በበራድ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አብሮ ማንተክተክ ለደጋ አገር ይስማማል። አረንጓዴ ሻይ ደግሞ 80 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ውሃው ከእሳት ወርዶ ጥቂት ከበረደ በኋላ ይፈስበት፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ይመራል።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ቢሆን ያስኬዳል። ለጠዋት የውሽውሽ ጥቁር ሻይ፣ ወተት ለሚወድ በወተት። ለረፋድ በቅመም የፈላው፣ ስኳሩ ከምሳ በፊት የሚያበረታ። ከቀትር በኋላ ቀለል ብሎ ያለ ወተት፤ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ከ10 ሰዓት በኋላ የሻይ ቅጠል ባይነካ ይሻለዋል። ማታ ካፌይን የሌለበት ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ይበቃል። ግብርና ደወል የወሰኑትን ሰዓት ጤናና ጣዕም ቢወስኑት፣ የሻይ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠጪው እጅ ይገባል።